ሳንባ ነቀርሳ በመጠለያና በሠፈራ ጣቢያ

ለእርዳታ ጣቢያ ኃላፊዎች፣ ለጤና ባለሙያዎችና ለበጎ አድራጎት ድርጅቶች ሠራተኞች የቀረበ ንግግር



ድርቅ በገባበት አካባቢ ሰው የሚያልቀው በባዶ ሆድ ብቻ አይደለም። በ1977 ዓ.ም. በኮረም፣ በባቲ፣ በመቀሌና በሌሎችም መጠለያዎች በተጠራቀመው ሕዝብ ላይ ረሀቡ የጀመረውን ሥራ የፈጸሙት ኩፍኝ፣ ተቅማጥ፣ የሳንባ ምች፣ እንዲሁም ቅማል የሚያዛምታቸው ተስቦና ግርሻ ነበሩ። እነዚህ በሽታዎች በቀናት ውስጥ ስለሚገድሉ ለዓይን ይታያሉ። የመጠለያው ኃላፊ ጠዋት ጠዋት የሟቾች ቁጥር ይደርሰዋል፤ ቁጥሩ ሲያሻቅብ ለበላይ አካል ያስታውቃል፤ ክትባትና መድኃኒት እንዲላክለት ይጠይቃል።

ሳንባ ነቀርሳ ግን አይቸኩልም። ያደረበት ሰው ለወራት ያስላል፤ ይከሳል፤ ነገር ግን ይራመዳል፤ እህል ለመቀበል ተራ ይይዛል፤ ለሠፈራ ሲመዘገብም በእግሩ ቆሞ ይመዘገባል። በአንዱ ጣቢያ ሲያስል የከረመው ሰው በሌላው ጣቢያ ይሞታል። የመጀመሪያው ጣቢያ በጤና እንደ ሸኘው ይጽፋል፤ ሁለተኛው ጣቢያ ወባ ወይም የመንገድ ድካም ገደለው ይላል፤ በመካከሉ አብረውት ባደሩት ሕፃናት ሳንባ ውስጥ የቀረው ተሕዋስ በማንም መዝገብ ላይ አይሰፍርም። የዚህ ንግግር ዓላማ በሽታው ምን እንደሆነና እንዴት እንደሚታከም ማስረዳት፣ በተለይም ሰው ከቦታ ወደ ቦታ በሚዘዋወርበት ጊዜ ሕክምናው እንዳይቋረጥ የእርዳታ ሠራተኛው ድርሻ ምን እንደሆነ ማመልከት ነው።

በገጠሩ ሕዝብ ዘንድ በሽታው ብዙ ጊዜ ከብርድ ጋር ይያያዛል። ሰውየው ላብ አልቦት ሳለ ብርድ መታው፣ ዝናብ ሲወርድበት ዋለ፣ ሸክም ደረቱን ጎዳው ይባላል። አንዳንዱም የዘር በሽታ ነው ይላል። እንዲህ ለማለት ያበቃው አባት ባሳለበት ቤት ልጅም ሲያስል፣ ልጅ በሞተበት ቤት እናትም ስትከተል በማየቱ ነው። ያየው ነገር ልክ ነው፤ የሰጠው ምክንያት ግን ልክ አይደለም። አንድ ቤት የሚያድሩ ሰዎች ከዘር በተጨማሪ አንድ አየር ይጋራሉ።

የበሽታው መንስኤ ዘንግ መሰል ረቂቅ ተሕዋስ መሆኑን ጀርመናዊው ሐኪም ሮበርት ኮኽ እ.ኤ.አ. ማርች 24 ቀን 1882 በርሊን ላይ ለሳይንቲስቶች ጉባኤ አስታወቁ። በዚያን ዘመን ከሚሞተው ሰባት ሰው አንዱ በዚህ በሽታ ይሞት እንደነበር እሳቸው ራሳቸው ገልጸዋል። ማርች 24 ዛሬም በየዓመቱ የቲቢ ቀን ሆኖ የሚታሰበው በዚህ ምክንያት ነው።

ተሕዋሱ የሚተላለፈው በአየር ነው። የሳንባ በሽታ ያለበት ሰው ሲያስል፣ ሲያስነጥስ፣ ሲዘፍን፣ ጮክ ብሎ ሲናገር ከደረቱ የሚወጡት እጅግ ጥቃቅን ጠብታዎች ባልተናፈሰ ክፍል ውስጥ ለረዥም ሰዓት ተንሳፈው ይቆያሉ። ሌላው ሰው ያንኑ አየር ሲስብ ተሕዋሱ ወደ ሳንባው ይገባል። በመጨባበጥ፣ በአንድ መሶብ በመብላት፣ በአንድ ጽዋ በመጠጣት፣ በልብስ አይተላለፍም። ስለዚህ የበሽተኛውን ጣሳና ሰሐን ለብቻ ማስቀመጥ ማንንም አያድንም። የሚያስከትለው ውጤት ቢኖር በሽተኛው አፍሮ ሳሉን እንዲደብቅ ማድረግ ነው፤ ሳሉን የደበቀ ሰው ደግሞ ሳይታከም በጨለማ ክፍል ውስጥ ከልጆቹ ጋር ያድራል። ሕክምና ያላገኘ አንድ በሽተኛ በአንድ ዓመት ውስጥ ከ10 እስከ 15 ለሚደርሱ ሰዎች ተሕዋሱን ሊያስተላልፍ ይችላል። ራሱም ካልታከመ ከሞት የሚተርፍበት ዕድል ከግማሽ አይበልጥም።

ይህ ሁሉ ለመጠለያ ኃላፊ ምን ማለት እንደሆነ ግልጽ ነው። በደጋ በተተከለ መጠለያ ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ ሰው የድንኳኑን በር አጥብቆ ይዘጋል፤ በአንድ ሸራ ሥር ሁለትና ሦስት ቤተሰብ ተጠጋግቶ ያድራል። ለተሕዋሱ ከዚህ የተሻለ ምቹ ቦታ አይገኝም። የፀሐይ ብርሃን ተሕዋሱን ይገድለዋል፤ ነፋስ ይበትነዋል። በመሆኑም ቀን ቀን ድንኳኑን ከፍቶ ማናፈስ፣ ሳል ያለባቸውን ሰዎች ከልጆች ራቅ አድርጎ ማስተኛት፣ የሕክምና ተራ የሚጠበቅበትን ቦታ በአዳራሽ ውስጥ ሳይሆን በዳስ ጥላ ሥር ማድረግ ምንም ወጪ አይጠይቅም። የአክታ ናሙናም ቢሆን ሰው ከማይበዛበት ሜዳ ላይ እንጂ በክፍል ውስጥ እንዲሰጥ አይደረግም።

ተሕዋሱ የገባበት ሰው ሁሉ ግን አይታመምም። ከዓለም ሕዝብ አንድ አራተኛ ያህሉ ተሕዋሱ እንደገባበት ይገመታል። ከእነዚህም ውስጥ በዕድሜ ዘመናቸው በበሽታው የሚያዙት ከመቶ ከ5 እስከ 10 የሚደርሱት ናቸው። በቀሩት ላይ ተሕዋሱ በአመድ ውስጥ እንደ ተዳፈነ ፍም ሆኖ ይኖራል። አመዱን የሚገልጡት ነገሮች የታወቁ ናቸው፤ ረሀብ፣ ኩፍኝ፣ እርጅና፣ የስኳር በሽታ፣ ከሁሉም በላይ ኤች አይ ቪ። ድርቅ ከእነዚህ ውስጥ አንዱን ይዞ ብቻውን አይመጣም። ሰውነቱ የመነመነ ሰው የመከላከል አቅሙ ይወድቃል፤ ለዓመታት ተዳፍኖ የነበረው ይነሣል። በሽታው ሲነሣ ደግሞ የምግብ ፍላጎትን ዘግቶ የበለጠ ያከሳል። ረሀብ ነቀርሳን ይጠራል፤ ነቀርሳም ረሀብን ያብሳል።

ምግብ በዚህ በሽታ ላይ ያለው ኃይል ምን ያህል እንደሆነ በሕንድ አገር ጃርካንድ ግዛት የተካሄደ ጥናት በቁጥር አሳይቷል። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2019 ተጀምሮ ውጤቱ በ2023 ታተመ። በጥናቱ የታቀፉት በሽተኞች ሁሉ መድኃኒትና ምግብ አገኙ፤ በአንደኛው ወገን ግን አብረዋቸው ለሚኖሩት የቤተሰብ አባላትም በየወሩ ለአንድ አዋቂ 5 ኪሎ ሩዝና 1 ኪሎ ተኩል ጥራጥሬ ከቪታሚን ጋር ተሰጠ። ምግቡን ባገኙት ቤተሰቦች ውስጥ በአዲስ የሚታመሙት ሰዎች ቁጥር ካላገኙት ይልቅ በ39 በመቶ ቀነሰ፤ የሚተላለፈው የሳንባ ዓይነት ሲታይ ደግሞ መቀነሱ 48 በመቶ ያህል ሆነ። ጥናቱን ለእርዳታ ሠራተኛ ማንሳት የሚገባው የተለየ መሣሪያ ስላልጠየቀ ነው። የተሰጠው በየማደያው በር ላይ በየወሩ ከሚሰፈረው የተለየ ነገር አልነበረም።

ነገር ግን እዚህ ላይ አንድ ስሕተት እንዳይፈጠር መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ምግብ ይከላከላል እንጂ የያዘውን ሰው አያድንም። ቀድሞ በአውሮፓ ለበሽተኞች የተሠሩት ማረፊያ ሆስፒታሎች ጥሩ አየር፣ ዕረፍት፣ ወተትና እንቁላል ይሰጡ ነበር፤ ብዙ በሽተኞች ግን ሞቱ። ከዚህ በተቃራኒ እ.ኤ.አ. ከ1956 ጀምሮ በሕንድ ማድራስ ከተማ በተደረገ ጥናት ከበሽተኞቹ ግማሾቹ በማረፊያ ሆስፒታል ተኝተው ጥሩ እየተመገቡ፣ ግማሾቹ ደግሞ በተጨናነቁ የድሃ ቤቶቻቸው ሆነው ጉልበት እየሠሩ አንድ ዓይነት መድኃኒት ለአንድ ዓመት ወሰዱ። ውጤታቸው ተቀራራቢ ሆነ። በቤታቸው የታከሙት ሰዎች ዘመዶችም በሆስፒታል ከታከሙት ሰዎች ዘመዶች ይበልጥ አልታመሙም። በሽተኛውን የሚያድነው መድኃኒቱ መሆኑ ከዚያ ወዲያ ለክርክር አልቀረበም። በመጠለያ ውስጥ አንድን በሽተኛ በአልሚ ምግብ ብቻ አድናለሁ ብሎ የሚያስብ ሠራተኛ ቢኖር ይህን ሊያስታውስ ይገባል።

ምልክቶቹ በአጭሩ የሚከተሉት ናቸው፦ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል፣ አክታ፣ አንዳንድ ጊዜም ደም የቀላቀለ፤ ማታ ማታ የሚነሣ ትኩሳትና ልብስ የሚያረጥብ የሌሊት ላብ፤ የምግብ ፍላጎት ማጣትና መክሳት፤ የደረት ውጋት። በሽታው ከሳንባ ውጭም ይወጣል። በአገራችን በአንገት ሥር በንፍፊት መልክ የሚወጣው ዓይነት እጅግ የተለመደ ነው፤ በአከርካሪ አጥንት፣ በሆድ ዕቃና በአንጎል ሽፋንም ሊገባ ይችላል። እነዚህ ይታከማሉ፤ ነገር ግን ወደ ሌላ ሰው አይተላለፉም።

በድርቅ ጊዜ እነዚህን ምልክቶች መለየት አስቸጋሪ ነው፤ መክሳቱ በሁሉም ላይ ይታያልና። ሁለት ቦታዎች ላይ ግን ጥንቃቄ ቢደረግ ብዙ ሕይወት ይተርፋል። አንደኛው የሕፃናት መመገቢያ ጣቢያ ነው። አልሚ ምግቡን እየወሰደ፣ ተቅማጡም ቆሞለት፣ ለሦስትና ለአራት ሳምንት ክብደት ያልጨመረ ሕፃን ሲገኝ እናቱ ምግቡን ለሌሎች ልጆች አካፍላ ይሆናል ተብሎ ይታለፋል። ይህ ሊሆን ይችላል። ሆኖም በዚያ ቤት የሚያስል ሰው አለ ወይ ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። የሕፃናት ነቀርሳ አክታ የለውም፤ በአጉሊ መነጽርም ብዙ ጊዜ አይታይም፤ የሚታወቀው አጠገቡ በሚያስለው አያት ወይም አባት በኩል ነው። ለሕፃናት የሚሰጠው የቢሲጂ ክትባት እ.ኤ.አ. በ1921 ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰጠ ሲሆን በተለይ የአንጎል ሽፋንን ከሚያጠቃው አደገኛ ዓይነት ይከላከላል። የአዋቂዎችን የሳንባ በሽታ ግን በሚገባ አያስቆምም።

ሁለተኛው ቦታ ቆላ ነው። ከደጋ ወርዶ በቆላ የሠፈረ ሰው ትኩሳት ሲይዘው ወባ ነው ይባላል፤ ደግሞም ብዙ ጊዜ እውነት ነው። ነገር ግን የወባ መድኃኒት ወስዶ ትኩሳቱ የሚመላለስበት፣ ሳሉም ያልለቀቀው ሰው ለሁለተኛና ለሦስተኛ ጊዜ ያንኑ የወባ ኪኒን ይዞ መመለስ የለበትም። አክታው ይመርመር።

ምርመራው በጊዜ ብዛት ቀሏል። ለመቶ ዓመት ያህል ዋናው መሣሪያ አክታውን በቀለም ነክሮ በአጉሊ መነጽር ማየት ነበር፤ ቀያዮቹ ዘንጎች ሲታዩ በሽታው ተረጋገጠ ይባላል። ከእ.ኤ.አ. 2010 ወዲህ የዓለም የጤና ድርጅት የመከረው ጂን ኤክስፐርት የተባለው መሣሪያ ግን ተሕዋሱን ከማግኘቱም በላይ ሪፋምፒሲን ለተባለው ዋና መድኃኒት የማይበገር መሆን አለመሆኑን ከሁለት ሰዓት ባነሰ ጊዜ ያሳያል። መሣሪያው በየመጠለያው ላይኖር ይችላል። አክታው ግን መጓዝ ይችላል፤ እህል አራግፎ ባዶውን በሚመለስ መኪና ናሙና መላክ ለጣቢያው ኃላፊ ከባድ ጉዳይ ሊሆን አይገባም።

አሁን ወደ ሕክምናው። ስትሬፕቶማይሲን እ.ኤ.አ. በ1943 ሲገኝ በነቀርሳ ላይ የሠራ የመጀመሪያው መድኃኒት ስለነበረ ደስታው ታላቅ ነበር። በእንግሊዝ አገር ተሞክሮ ውጤቱ በ1948 ሲታተም መድኃኒቱን ያገኙት በሽተኞች በመጀመሪያዎቹ ወራት በግልጽ ተሻሽለው ታዩ። ከአምስት ዓመት በኋላ ሲቆጠሩ ግን መድኃኒቱን ካገኙትም ካላገኙትም ወገን ከግማሽ በላይ ሞተዋል። የሆነው ነገር ቀላል ነው። በአንድ በሽተኛ ሳንባ ውስጥ ካሉት እጅግ ብዙ ተሕዋስያን መካከል ጥቂቶቹ በተፈጥሮ ለአንድ መድኃኒት የማይበገሩ ናቸው። አንድ መድኃኒት ብቻ ሲሰጥ ሌሎቹ ይሞታሉ፤ እነዚያ ጥቂቶች ቦታውን ይወርሱታል። ሁለትና ከዚያ በላይ መድኃኒቶች በአንድነት ሲሰጡ ግን ከአንዱ ያመለጠውን ሌላው ያገኘዋል። የነቀርሳ ሕክምና ሁልጊዜ በርካታ መድኃኒቶችን አጣምሮ የሚሰጠው ስለዚህ ነው።

ለምን ይህን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅም መታወቅ አለበት፤ በሽተኛው ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው እሱን ነውና። በአንጀት ውስጥ የሚኖሩ አንዳንድ ተሕዋስያን በሃያ ደቂቃ ውስጥ ይራባሉ። የነቀርሳው ተሕዋስ ግን አንድ ጊዜ ለመራባት የአንድ ቀን አብዛኛውን ክፍል ይወስዳል፤ ከፊሉም ጨርሶ ሳይራባ ያንቀላፋል። መድኃኒቱ በተኙት ላይ ኃይሉ ደካማ ስለሆነ እስኪነቁ መጠበቅ ግድ ይላል። ቀድሞ ሕክምናው ከ12 እስከ 18 ወር ይፈጅ ነበር፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወሮች ደግሞ በየቀኑ መርፌ ነበረበት። ሪፋምፒሲን ከተገኘ በኋላ በ1970ዎቹ በኬንያ፣ በኡጋንዳ፣ በታንዛኒያና በዛምቢያ የተደረጉት ጥናቶች ጊዜው ወደ ስድስት ወር ሊያጥር እንደሚችል አረጋገጡ። ዛሬ በኢትዮጵያ ለተለመደው በሽታ የሚሰጠው ይኸው ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወሮች ሪፋምፒሲን፣ አይሶኒያዚድ፣ ፒራዚናማይድና ኤታምቡቶል፣ በቀሩት አራት ወሮች ሪፋምፒሲንና አይሶኒያዚድ። መድኃኒቶቹ በአንድ ኪኒን ተቀላቅለው፣ መጠናቸው በበሽተኛው ክብደት ተለክቶ፣ በመንግሥት ጤና ተቋም ያለ ክፍያ ይሰጣሉ።

ችግሩ የሚጀምረው መድኃኒቱ ሥራውን ሲሠራ ነው። በአንድ ወር ውስጥ ትኩሳቱ ይጠፋል፤ ሳሉ ይቀንሳል፤ የምግብ ፍላጎት ይመለሳል። በሁለተኛው ወር መጨረሻ በሽተኛው ዳንሁ ይላል፤ ጎረቤቱም ዳነ ይለዋል። በሳንባው ውስጥ ግን ያንቀላፉት ገና አልሞቱም። በዚህ ጊዜ መድኃኒቱን ያቆመ ሰው በሽታው ተመልሶ ሊነሣበት ይችላል፤ አንዱን ኪኒን ትቶ ሌላውን እየወሰደ ያቆራረጠው ደግሞ መድኃኒት የተላመደ ነቀርሳ ሊያፈራ ይችላል። ያ ከተፈጠረ ሌላው ሰው ከእርሱ የሚይዘው ከመጀመሪያው ጀምሮ የተላመደውን ነው። በኢትዮጵያ የዚህ ዓይነቱ በሽታ ሕክምና እ.ኤ.አ. በ2009 በአዲስ አበባ በቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል ሲጀመር አንድ ዓመት ተኩልና ከዚያ በላይ የሚፈጅ፣ መርፌው የመስማት ችሎታን የሚጎዳ ነበር። ከ2022 ወዲህ የዓለም የጤና ድርጅት ለብዙዎቹ በሽተኞች መርፌ የሌለበት የስድስት ወር ሕክምና መክሯል። ቢሆንም መድኃኒቱ ውድ ነው፤ ክትትሉም ከባድ ነው።

እንግዲህ የእርዳታ ሠራተኛው ጭንቀት ያለው እዚህ ላይ ነው። ስድስት ወር በአንድ ቦታ መቆየት ለተራ ገበሬ ቀላል ነው። በድርቅ ለተፈናቀለ ሰው ግን ስድስት ወር ረዥም ዘመን ነው። ዝናብ የጣለ ቀን ጥማዱን ባያገኝም መሬቱን ለማየት ወደ አገሩ ይነሣል፤ መኪና የመጣ ቀን ተጭኖ ይሄዳል፤ የእህል ማደያው ወደ ሌላ ቦታ ሲዛወር እህሉን ተከትሎ ይዛወራል። በዚህም ምክንያት በመጠለያዎች ሥራ የቆየ አንድ ደንብ አለ። የዓለም የጤና ድርጅትና የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጡት መመሪያ የነቀርሳ ሕክምና ፕሮግራም በአዲስ የሚከፈተው አጣዳፊው የሞት ጊዜ ካለፈ፣ ሕዝቡ ቢያንስ ለስድስት ወር በቦታው እንደሚቆይ ከታመነበት፣ መድኃኒቱና ገንዘቡ ከተረጋገጠ ብቻ ነው ይላል።

ይህ ደንብ ለሚሰማው ሰው ጭካኔ ይመስላል። መድኃኒት በመጋዘን እያለ የሚያስል ሰው እንዴት ይመለሳል? ነገር ግን ደንቡ የወጣው ከልምድ ነው። ተጀምሮ የተጣለ ሕክምና ከበሽተኛው አልፎ ለሌላው ይተርፋልና፣ ማቆየት የማይቻለውን አለመጀመር ትክክል የሚሆንበት ጊዜ አለ። ሆኖም ደንቡ ምን እንደማይል በደንብ መነበብ አለበት። ከመፈናቀሉ በፊት በወረዳው ጤና ጣቢያ ሕክምና ጀምሮ ኪኒኑን በከረጢት ቋጥሮ ወደ መጠለያ የመጣን ሰው ይመለከታል ማለት አይደለም። እሱ ጀምሯል፤ ለእሱ ያለው ጥያቄ መጀመር አለመጀመር ሳይሆን መቀጠል ነው። በምዝገባ ጊዜ “መድኃኒት እየወሰድክ ነበር ወይ?” ብሎ የሚጠይቅ ስለማይኖር ብቻ ስንቱ ያቋርጣል። ደግሞም መጠለያው ከሦስት ወር በኋላ አሁንም ያለ፣ ከዓመት በኋላም አሁንም ያለ ከሆነ፣ “አጣዳፊ ጊዜ ላይ ነን” የሚለው ቃል ምክንያት መሆኑ ቀርቶ ሰበብ ይሆናል።

የ1977 እና የ1978 ዓ.ም. የሠፈራ ዘመቻ በዚህ ረገድ ትምህርት ይሰጣል። በዚያን ጊዜ ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ ተነሥቶ ወደ መተከል፣ ወደ አሶሳ፣ ወደ ጋምቤላና ወደ ሌሎችም የምዕራብና የደቡብ ምዕራብ አካባቢዎች ተወሰደ። በፈቃዱ የሄደ ነበረ፤ ሳይወድ የተወሰደም ነበረ፤ በጥድፊያው ከቤተሰቡ የተለየውም ብዙ ነው። በኋላም አያሌ ሠፋሪ ጣቢያውን ጥሎ ወደ መጣበት ተመልሷል። ስለ ፖሊሲው የተባለው ብዙ ስለሆነ እዚህ አይደገምም። ለዚህ ንግግር የሚበቃው አንድ ነጥብ ነው፤ በዚያ ፍጥነት የተጓጓዘ ሕዝብ መካከል የስድስት ወር፣ በዚያን ዘመንም የዓመት ሕክምና የያዘ ሰው ሕክምናውን ይዞ ሊጓዝ የሚችልበት መንገድ እጅግ ጠባብ ነበር። ዛሬ መንገዱን ማስፋት ይቻላል። በ1995 እና በ1996 ዓ.ም. የተካሄደው ሠፈራ በየክልሉ ውስጥ ስለነበረ፣ እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅቶች ተከታትለው በከሸፉበት ጊዜ ከቦረናና ከሶማሌ ክልል የተፈናቀለው አርብቶ አደርም በአብዛኛው ወደ አቅራቢያው ስለተሰባሰበ፣ ከመነሻው ጤና ጣቢያ ጋር መገናኘት ከቀድሞው ይልቅ ይቀላል። ስልክም አለ።

ሊደረግ የሚገባው የሚከተለው ነው። ለሠፈራ የሚመዘገብ ቤተሰብ ከመጫኑ በፊት ሳል ያለበት ሰው እንዳለ ይጠየቅ። ጥያቄው ግን ከዝርዝር እንደማያሰርዝ አስቀድሞ ይነገር። በሽታው ከስሙ ላይ መሰረዝ ያስከትላል ብሎ የሰጋ ሰው እውነቱን አይናገርም፤ ሳሉንም በነጠላው አፍኖ ይጫናል። በሽታው የተገኘበት ሰው ቢቻል የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወሮች ባለበት ይጨርስ፤ ሲቆይም ብቻውን አይቅር፤ ቤተሰቡ አብሮት ይቆይ፤ የሁሉም እህል አይቋረጥ። ባልየው ለሕክምና ቀርቶ ሚስቱና ልጆቹ ቀድመው ከተላኩ እሱም በሳምንቱ መንገድ ይጀምራል፤ ማንም ሊይዘው አይችልም፤ ሊፈረድበትም አይገባም።

መድኃኒት የሚሰጥበት ቀንና እህል የሚታደልበት ቀን በተቻለ መጠን አንድ ይሁን። ሁለቱ በተለያየ አቅጣጫ በአንድ ቀን የዋሉ እንደሆነ በሽተኛው የትኛውን እንደሚመርጥ የታወቀ ነው። በተጨማሪም ብዙ በሽተኞች “መድኃኒቱ ያስርበኛል” ሲሉ ይሰማሉ። ቅሬታው እውነት ነው፤ ሰውነት ማገገም ሲጀምር የምግብ ፍላጎት በኃይል ይመለሳል፤ ቤት ውስጥ የሚበላ ከሌለ ረሀቡን ለማስታገስ የሚያቆመው ኪኒኑን ነው። ለነቀርሳ በሽተኛ የሚሰፈር ተጨማሪ እህል እንደ ስጦታ መታየት የለበትም፤ የሕክምናው አካል ነው።

በሽተኛው መድኃኒቱን ሲጀምር አንድ ነገር ሳይነገረው አይሂድ። ሪፋምፒሲን ሽንትን፣ እንባንና ላብን ወደ ብርቱካንማ ቀይ ይለውጣል። ጉዳት የለውም። ያልተነገረው ሰው ግን ደም ሸናሁ ብሎ በሁለተኛው ቀን ኪኒኑን ይጥለዋል። ከዚህ ውጭ የዓይን ቢጫ መሆን፣ የማያቋርጥ ትውከት፣ የእይታ መደብዘዝ ከታየ ወዲያውኑ ወደ ጤና ጣቢያ መመለስ እንዳለበት ይነገረው። ወደ ጠበል የሚሄድ ቢሆን ጠበሉን እንዲተው መገሠጽ አይጠቅምም፤ ኪኒኑን ይዞ እንዲሄድ መምከር ይጠቅማል። በትክክል መውሰድ ከጀመረ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በሽታውን የማስተላለፍ ኃይሉ በእጅጉ ስለሚቀንስ፣ ቤተሰቡ በግድግዳ ሊለየው እንደማያስፈልግም ይነገር።

በመጨረሻ ስለ መሸኛ ወረቀቱ። በሽተኛው ሲሄድ ቢያንስ የአንድ ወር መድኃኒት በእጁ ይሰጠው፤ መንገዱ ረዥም ከሆነና መኪና ሊበላሽ ከቻለ ከዚያ በላይ። በወረቀቱ ላይ ሙሉ ስሙ ከነአያቱ፣ የመነጨበት ወረዳና ቀበሌ፣ ሕክምና የጀመረበት ቀን፣ የአክታው ውጤት፣ ክብደቱ፣ የሚወስዳቸው መድኃኒቶችና የወሰደው የቀናት ብዛት፣ መድኃኒቱ የሚያልቅበት ቀን፣ የሚሄድበት ጣቢያ ስም በግልጽ ይጻፍ። ሁለት ቅጂ ይዘጋጅ፤ አንዱ በበሽተኛው እጅ፣ ሁለተኛው ከመኪናው ጋር በሚሄደው ተጠሪ እጅ ይሁን። በሽተኛው ማንበብ የማይችል ከሆነ በቤተሰቡ ለሚያነብ ልጅ ይነበብለት። ተቀባዩ ጣቢያ በሽተኛው መድረሱን በስልክ ወይም በደብዳቤ ለላኪው ያሳውቅ፤ እስኪያሳውቅ ድረስ ላኪው ጣቢያ ያን ስም ከመዝገቡ ላይ እንደ ተሸኘ አድርጎ አይዝጋው።